የታይሮይድ ምርመራ ውጤት የፈተና ውጤት አይደለም

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ አንዲት አክስታችን ከቡሌ ወገን ተነሥተው ዲላ ወዳለው ቤታችን መጡ። በያዟት ፌስታል ውስጥ አንድ ፓኬት ኪኒን፣ ሦስት የላቦራቶሪ ወረቀቶችና አንድ የተማሪ ደብተር ነበሩ። ደብተሩ የልጅ ልጃቸው ነው፤ 11ኛ ክፍል የሚማር፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ። ልጁ ከሦስቱ ወረቀቶች ላይ የታይሮይድ ሆርሞኑን ቁጥር ለቅሞ ግራፍ ሠርቷል። ነጥቦቹ 1.2፣ 4.1 እና 13 ናቸው፤ በማስመሪያ ያገናኛቸው መስመር ሽቅብ ይወጣል። ከሥሩም «ሆርሞኑ በየጊዜው እየጨመረ ነው፤ አያቴ ግን እየባሰባቸው ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑ ሳይጎዳቸው አይቀርም» የሚል ማስታወሻ ጽፎበታል።

አክስታችን እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከዕጢው የተረፈው ጥቂት ስለነበረ ሐኪሙ ሌቮታይሮክሲን የተባለውን ኪኒን በየቀኑ እንዲወስዱ አዘዘላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ በተደረገው ምርመራ ውጤቱ «ኖርማል» ሆነ። የመጀመሪያው ወረቀት ይህ ነው። «ልጄ፣ ኖርማል ነዎት ካሉኝ ወዲያማ ድኛለሁ ብዬ ተውኩት» አሉን። ሁለት ወር ሳይሞላ ፊታቸው አበጠ፤ ድምፃቸው ጎረነነ፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ መደረብ ጀመሩ፤ በጨዋታ መሐል ቃል እየጠፋባቸው ዝም ይሉ ጀመር። ጎረቤት እርጅና ነው አለ። ሁለተኛው ወረቀት የዚያን ጊዜ ነው፤ ቲኤስኤች የተባለው ቁጥር 62 ደርሷል። ኪኒኑን እንደገና ጀመሩ። ገና በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ ሄደው ሲመረመሩ ቲኤስኤች 31 ሆኖ ተገኘ፤ «አሁንም ከፍተኛ ነው፣ መጠኑ እጥፍ ይሁን» ተባሉ። እጥፉን ከመጀመራቸው በፊት ወደ እኛ የመጡት «አንተ ዶክተር አይደለህ እንዴ?» በሚል ነው። የእኛ ዶክትሬት የፊዚክስ መሆኑን ብንነግራቸውም ወረቀቶቹን ከጠረጴዛው ላይ አላነሡም።

እዚህ ላይ ድርሻችንን አስቀድመን እንለይ። ኪኒኑ ስንት ይሁን የሚለውን መወሰን የሐኪም ሥራ ነው፤ እኛም አክስታችንን የመለስናቸው ወደ ሐኪማቸው ነው። የልኬትን ቁጥር እንዴት ማንበብ እንደሚገባ ማስተማር ግን የእኛ ሥራ ነው። የልጁን ግራፍ ስናይ ያሳፈረን ነገር ቢኖር በውስጡ አንድም የሥነ ሕይወት ስሕተት አለመኖሩ ነው። ስሕተቶቹ ሁሉ የፊዚክስ ናቸው፤ አሃድ የለም፣ ጊዜ የለም፣ የስሕተት ወሰን የለም። እነዚህን ሦስቱን በፊዚክስ መጽሐፉ መጀመሪያ ምዕራፎች አስተምረነዋል። አስተምረነዋል ማለት ግን ፈትነነዋል ማለት ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ቁጥር በሕይወቱ ውስጥ ሲያጋጥመው ልክ እንደ ፈተና ውጤት አነበበው፤ ከፍ ካለ ከፍ ብሏል፣ ዝቅ ካለ ዝቅ ብሏል፣ ካለፈ አልፏል።

ጉዳዩ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን እንቅርት በአገራችን ምን ያህል የተለመደ ነገር እንደነበረ ይመሰክራል። በጉሮሮ ፊት ለፊት የምትገኘው የታይሮይድ ዕጢ ታይሮክሲን የተባለውን ሆርሞን የምትሠራው ከአዮዲን ነው፤ በእያንዳንዱ የታይሮክሲን ሞለኪውል ውስጥ አራት የአዮዲን አቶሞች አሉ፤ ከሞለኪውሉ ክብደት 65 ከመቶ ያህሉ አዮዲን ነው። ዝናብ ለዘመናት ባጠበው ደጋማ አፈር ላይ ይህ ንጥረ ነገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ በወጣ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት 39.9 ከመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያን ጊዜው የደቡብ ክልል ቁጥሩ 56.2 ከመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 35.8 ከመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨው ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ሲቋረጥ ገበያውን የያዘው ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ነበር፤ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨዋቸው ከተመረመረ ቤቶች 89 ከመቶው አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቶባቸዋል፤ መጠኑ በቂ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ቢሆንም። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጨው ቀድሞ ያደገውን እንቅርት ሁልጊዜ አያጠፋም፤ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን ሰዎች ደግሞ ከኪኒኑ ነፃ አያወጣም፤ ጥሬ ዕቃው ቢቀርብ ፋብሪካው የለምና። ከአዮዲን ጋር ግንኙነት በሌለው ምክንያት፣ ለምሳሌ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ዕጢ በማጥቃቱ፣ ዕጢያቸው የደከመባቸውም አሉ። ሁሉም በዚሁ ኪኒን ይኖራሉ፤ ሁሉም እነዚህን ወረቀቶች ይቀበላሉ።

በወረቀቱ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው ነፃ ቲ4 ነው፤ ይኸውም በደም ውስጥ ካለው ታይሮክሲን ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው፣ ከ10,000 ውስጥ 3 ያህል የሚሆነው ክፍል ነው። ሁለተኛው ቲኤስኤች ነው፤ ይህን የሚያመነጨው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ነው። ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም፤ ታይሮይድን የሚያዝዝ ጩኸት ነው። ሥራው ሲጓደል የአሠሪው ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሥራው ሲትረፈረፍ አሠሪው ዝም ይላል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲኤስኤች የሆርሞን ማነስን፣ ዝቅ ያለ ቲኤስኤች ደግሞ የሆርሞን መብዛትን ያመለክታል። ጩኸቱም ተራ ጩኸት አይደለም። በተለምዶ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት ነፃ ቲ4 በግማሽ ሲቀንስ ቲኤስኤች ወደ 100 እጥፍ ገደማ ይወጣል። ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ይህን አምፕሊፋየር ነው ይለዋል። ቲኤስኤች ከ62 ወደ 31 ወረደ ማለት ግማሽ መንገድ ተሄደ ማለት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለው ብዛት በሎጋሪዝም ስኬል መነበብ እንዳለበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን «ኖርማል» ወደሚለው ቃል እንመለስ፤ አክስታችንን ያሳመመው እርሱ ነውና። ሥሩ የተሰነጠቀ እንስራ በየማለዳው ውኃ እየተጨመረበት ሞልቶ ቢታይ ስንጥቁ ተደፈነ አንልም። ኪኒን ለሚወስድ ሰው ኖርማል ውጤት የሚናገረው ስለ ዕጢው ሳይሆን ስለ ኪኒኑ ነው፤ መጠኑ ተስማምቷል፣ በዚሁ ይቀጥል ማለት ነው። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግራቸው ሰው ባለመኖሩ አንዲት ሴት ሁለት ወር ሙሉ ከራሳቸው ጠፍተው ከረሙ። ሐኪሙን ለመውቀስ አይደለም፤ በአንድ ቀን ስንት በሽተኛ እንደሚያይ ወረፋውን የጠበቀ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ ራሱ ክፉ ቃል ነው። ለጤነኛው መርማሪም፣ ለበሽተኛውም፣ በመድኃኒት ለቆመውም አንድ ዓይነት ሆኖ ይታተማል።

ወደ ልጁ ግራፍ እንግባ። የመጀመሪያው ወረቀት ነፃ ቲ4ን የለካው በናኖግራም በዴሲሊትር ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በፒኮሞል በሊትር። የሦስቱም አሃዶች ከቁጥሩ ጎን በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል፤ ልጁ ግን ፊደላቱን ዘሎ ቁጥሮቹን ብቻ ገለበጠ። ስሌቱ ከ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አያልፍም። የታይሮክሲን ሞላር ክብደት ወደ 777 ግራም ነው። አንድ ናኖግራም በዴሲሊትር 10 ናኖግራም በሊትር ነው፤ ይህን ለ777 ስናካፍለው 0.01287 ናኖሞል፣ ማለትም 12.87 ፒኮሞል በሊትር ይሆናል። እንግዲህ የመጀመሪያው 1.2 በ12.87 ሲባዛ 15.4 ይመጣል። የልጁ 1.2፣ 4.1፣ 13 በእውነቱ 15.4፣ 4.1፣ 13 ነበር። ሽቅብ ይወጣ የነበረው መስመር ገደል ገብቶ የሚወጣ ሆነ፤ ገደሉም አክስታችን ኪኒኑን የተዉባቸው ወራት ናቸው። ሆርሞኑ ሲጨምር ሳይሆን ሲጠፋ ነው የታመሙት። ልጁ ይህን ሲያይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያም ላጲስ ጠየቀ።

በነገራችን ላይ እነዚህን ብዛቶች መለካት መቻሉ ራሱ ተአምር ይመስላል። 15.4 ፒኮሞል በሊትር ማለት በአንድ ሊትር ውስጥ 12 ናኖግራም ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ያህል ጨው በዚህ መጠን ይሟሟ ቢባል ከ400 ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ውኃ ያስፈልገዋል። ይህን በር የከፈተችው ደግሞ የፊዚክስ ሰው መሆኗን ስንናገር ኩራት ቢሰማን አይፈረድብንም። ሮዛሊን ያሎው በኑክሌር ፊዚክስ ዶክትሬቷን እ.ኤ.አ. በ1945 አገኘች፤ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ከሐኪሙ ሰሎሞን በርሰን ጋር በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምልክት የተደረገባቸውን ሞለኪውሎች በመጠቀም በደም ውስጥ ያለን እጅግ ጥቂት ሆርሞን የሚለካውን ዘዴ ፈለሰፈች። በርሰን በ1972 በማረፉ የ1977ቱን የኖቤል ሽልማት አብሯት አልተቀበለም። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በአብዛኛው ራዲዮአክቲቭ ነገር አይጠቀሙም፤ በፀረ እንግዳ አካል ሆርሞኑን የማጥመዱ መሠረተ ሐሳብ ግን ከዚያው የመጣ ነው።

ከአሃዱ ይልቅ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ጊዜን መርሳት ነው። የታይሮክሲን ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለው መጠን ወደ ግማሽ የሚወርድበት ጊዜ፣ 7 ቀን ያህል ነው። ተማሪዎቻችን ግማሽ ዕድሜን የሚያውቁት በዩራኒየምና በካርቦን 14 ነው፤ በአያቶቻቸው ደም ውስጥም እንደሚሠራ የነገራቸው የለም። አንድ ሰው የኪኒኑን መጠን ሲቀይር ደሙ ወደ አዲሱ ሚዛን የሚጓዘው በዚሁ ሕግ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከቀረው ርቀት ግማሹን፣ በሁለተኛው የግማሹን ግማሽ እያለ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 75 ከመቶ፣ በአራተኛው ወደ 94 ከመቶ፣ በስድስተኛው ከ98 ከመቶ በላይ ተጉዟል። በአክስታችን ላይ እንሞክረው። ከ4.1 ተነሥተው ወደ ቀድሞው 15.4 ይመለሳሉ ብንል ልዩነቱ 11.3 ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚቀረው ሩቡ፣ 2.8 ያህል ነው፤ ስለዚህ 12.6 ላይ መገኘት አለባቸው። ሦስተኛው ወረቀት ያለው 13 ነው። እርግጥ ሰውነት የብርጭቆ ዕቃ አይደለም፤ ሆርሞን ባነሰው ሰው ግማሽ ዕድሜው እስከ 9 ወይም 10 ቀን ሊረዝም ይችላል፤ ስለዚህ ስሌታችን ግርድፍ ነው። ያም ሆኖ አሮጌው መጠን ሥራውን በሚገባ እየሠራ እንደነበር ያሳያል።

ታዲያ ቲኤስኤች ለምን 31 ሆነ? ፒቱታሪ ከሆርሞኑ ኋላ ስለሚዘገይ ነው። ለወራት ሲጮህ የከረመ አሠሪ ሠራተኛው በመጣ ማግስት ድምፁን አይቀንስም። ሐኪሞች መጠን ከተቀየረ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቃችሁ ተመርመሩ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተገኘ ቲኤስኤች ውሸት አይደለም፤ ያለፈው ወር ዜና ነው። በዚህ ዜና ተመርቶ መጠኑን እጥፍ ማድረግ በሻወር ቤት ሙቅ ውኃው እስኪመጣ መታገሥ አቅቶት ቧንቧውን እስከ መጨረሻው የሚከፍትን ሰው ይመስላል። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሙቅ ውኃ ከየት አምጥቶ ትሉን ይሆናል፤ ይቅርታ።) ሙቁ ሲደርስ ያቃጥለዋል። አክስታችንም እጥፉን ቢጀምሩ ኖሮ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሆርሞኑ ወሰኑን አልፎ ልባቸው መምታት፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፋቸው መጥፋት ይጀምር ነበር። በዕድሜ ለገፋ ሰው የበዛ ታይሮክሲን የልብ ምትን ሥርዓት ያዛባል፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ አጥንትን ያሳሳል። ከዚያም «በዛ» ተብሎ ይቀነሳል፤ ቀጥሎም «አነሰ» ተብሎ ይጨመራል። የሚዘገይን ሥርዓት በችኮላ የሚያርም ሰው ራሱ ንዝረቱን ይፈጥረዋል፤ ይህ በምሕንድስናም በደምም አንድ ነው።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ አንድ የሚያጽናና ነገርም አለ። ግማሽ ዕድሜው አንድ ሳምንት ስለሆነ አንድ ቀን ኪኒን መርሳት መጠኑን ከ9 እስከ 10 ከመቶ ያህል ብቻ ይቀንሰዋል፤ ሰማይ አይደፋም። ለአራት ሳምንት መተው ግን ከኪኒኑ የተገኘውን ወደ አንድ ዐሥራ ስድስተኛ ያወርደዋል። ደግሞም ቲ4 ቶሎ፣ ቲኤስኤች ዘግይቶ ስለሚንቀሳቀስ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ታሪክ ይናገራሉ። ቲ4 ኖርማል ሆኖ ቲኤስኤች ከፍ ካለ ሰውየው ኪኒኑን ለሳምንታት ትቶ ሐኪም ሊያየው ጥቂት ቀን ሲቀረው መዋጥ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ለፈተና በዋዜማው የሚያጠና ተማሪ ይህን ዘዴ በደንብ ያውቀዋል፤ ቲኤስኤች ግን የሴሚስተሩን ሁሉ ያያል።

ስለ ማመሳከሪያ ወሰኑ በአጭሩ እንበል። ለቲኤስኤች በብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4.0 ሚሊዩኒት በሊትር አካባቢ ይጻፋል፤ ከመሣሪያ መሣሪያም ይለያያል። ወሰኑ በተለምዶ የሚሠራው ከጤነኞች መካከለኛውን 95 ከመቶ በመያዝ ነው፤ ስለዚህ ከ20 ጤነኞች አንዱ ምንም ሳይሆን ከወሰኑ ውጭ ይወድቃል። ቲኤስኤች በሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ በአንድ ሰው ላይ በሁለት ምርመራ መካከል እስከ 40 ከመቶ የሚደርስ ልዩነት የጤና ለውጥ ላይሆን ይችላል። ከ2.1 ወደ 2.8 ሄደብኝ ብሎ የሚጨነቅ ሰው የሚጨነቀው በነፋስ ነው። ወሰኑ ለሁሉም ዒላማ አይደለም፤ ለአንዳንድ የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን ቲኤስኤች ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል፤ ፒቱታሪያቸው ለታመመ ደግሞ ቲኤስኤች ጨርሶ አይታመንም። ነፍሰ ጡር ሴት ከሁሉ ትለያለች። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍላጎቷ ስለሚጨምርና የፅንሱ አንጎል የእናቱን ሆርሞን ስለሚጠብቅ 6 ሳምንት ልጠብቅ ማለት የለባትም፤ ማርገዟን እንዳወቀች ሐኪሟን ማየት አለባት፤ ምርመራውም በየ4 ሳምንቱ ገደማ ይሆናል።

የጌዴኦን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ግን ቡና ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውኃ የሚዋጥ ኪኒን ነው። ከቡና ጋር ወይም ቡና ከመጠጣት ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ሲዋጥ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጣሊያኖች ጥናት አሳይቷል፤ እነርሱ የፈተኑት በኤስፕሬሶ ነበር። የይርጋጨፌ አገር ሰው ማለዳ ዓይኑን ሲገልጥ የሚቀርብለትን ያውቃል። ኪኒኑን በምን እንደሚውጡ አክስታችንን ስንጠይቃቸው «በምን እውጣለሁ፣ በቡና ነዋ!» አሉን፤ ጥያቄው ራሱ አስገርሟቸዋል። እዚህ ላይ ረቂቅ ነገር አለ። ሁልጊዜ በቡና የሚውጥ ሰው መጠኑ የተስተካከለለት ቡናውን ጨምሮ ነው፤ አንድ ቀን ልማዱን ቢለውጥ ኪኒኑ ሳይቀየር ውጤቱ ይቀየራል። የፊዚክስ ሰው ይህን ያልተቆጣጠሩት ተለዋዋጭ ይለዋል። ቡናውን እንተው ማለት በዚህ አገር የሚሰማ ምክር አይደለም፤ የሚገባም አይደለም። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። የብረትና የካልሲየም ኪኒኖች ግን የባሱ ናቸው፤ አራት ሰዓት ያህል መራራቅ አለባቸው። ነፍሰ ጡሮች የብረት ኪኒን ከጤና ጣቢያ ስለሚሰጣቸው ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ እንዳይውጡ ማስጠንቀቅ ያሻል።

በምርመራው ማለዳ ኪኒኑን ውጦ የሄደ ሰው ነፃ ቲ4ው ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ደም ከተሰጠ በኋላ መዋጥ ይሻላል፤ ቢያንስ የዋጡበትን ሰዓት መናገር ይገባል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የተባለው ቪታሚንም በብዛት ሲወሰድ አንዳንድ መሣሪያዎችን ያታልላል፤ ቲ4ን ከፍ፣ ቲኤስኤችን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ መድኃኒት የበዛ ያስመስላል። ከምርመራው ሁለት ቀን ያህል ቀደም ብሎ ማቆም የተለመደ ምክር ነው። የከተማ እኅቶቻችን ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነው።

እንግዲህ ሐሳባችንን እንናገር። የምንጠይቀው አዲስ መሣሪያ አይደለም። በውጤቱ ወረቀት ላይ አሃዱ ከቁጥሩ ባላነሰ ፊደል ይታተም፤ ደሙ የተወሰደበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ሰዓትና መጠኑ ከተቀየረ ስንት ሳምንት እንደሆነ የሚጻፍባቸው ሦስት መስመሮች ይጨመሩ። የታይሮይድ ኪኒን ለሚወስድ ሰው «ኖርማል» ከሚለው ቃል ይልቅ «በዚሁ መጠን ይቀጥሉ» የሚል በአማርኛና በጌዴኡፋ ይነገረው። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን «ሕዝቡ ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል? ሐኪሙ ካወቀው በቂ ነው» ይላሉ። አንስማማም። ሰውየው ዛሬ ዲላ፣ ነገ ሐዋሳ፣ ከነገ ወዲያ አዲስ አበባ ይመረመራል፤ ሐኪሙ ይቀያየራል፤ ሦስቱንም ወረቀቶች ይዞ የሚዞረው አንድ እርሱ ብቻ ነው። ደግሞም ምርመራው ነፃ አይደለም። ቡና ሸጠው፣ መኪና ተሳፍረው፣ ከፍለው የሚመረመሩ ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት ደም ሲሰጡ የሚገዙት የማያገለግል ቁጥር ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ ለሚያገለግለው የሚከፍሉት ያልቅባቸዋል። ለድሃ አገር በትክክለኛው ቀን የተደረገ አንድ ምርመራ በስሕተት ቀን ከተደረጉ ሦስት ምርመራዎች ይበልጣል።

ለራሳችን ቤትም የምንለው አለን። ዩኒቨርሲቲያችን በ1988 ዓ.ም. ሲመሠረት የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ መምህሩና የጤና ባለሙያው በአንድ ግቢ እንዲማሩ ታስቦ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪያችን ግማሽ ዕድሜን በማያየው ዩራኒየም ይማራል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው የላቦራቶሪ ተማሪ ደግሞ ቲኤስኤችን ያለ ግማሽ ዕድሜ ያነባል። ሁለቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ቢገናኙ ከፈተና የተረፈ ነገር ይማራሉ ብለን እናምናለን። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ሁለት መምህራን መነጋገራቸው ይበቃል።

ልጁ ግራፉን እንደገና ሠራው። በአግድሙ መስመር ላይ ሳምንታትን፣ በቋሚው ፒኮሞል በሊትርን ጻፈ፤ ኪኒኑ የተተወበትንና የተጀመረበትን ቀን በቀይ አመለከተ። አክስታችን ግራፉን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ሄዱ፤ ሐኪሙም እጥፉን ትቶ በቀድሞው መጠን እንዲቀጥሉ አደረገ። በጥቅምት፣ ስድስት ሳምንት ሲሞላ፣ ቲኤስኤች 5.6 ሆኖ መጣ፤ ነፃ ቲ4 15። ቲኤስኤች ገና ከወሰኑ ጥቂት ወጣ ብሏል፤ እየወረደ ስለሆነ ሐኪሙ መጠኑን ሳይነካ ለሌላ ቀን ቀጠራቸው። አክስታችን ፊታቸው ተመልሷል፤ ጋቢውንም ለማታ ብቻ አድርገውታል። አሁን ኪኒኑን ጎሕ ሲቀድ በውኃ ይውጣሉ፤ ጎረቤት አቦሉን ሲጠጣ እርሳቸው ሲኒ ሳይዙ አጠገቡ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከቶናው ጀምሮ ይቀላቀላሉ። አቦሉ እንደቀረባቸው ግን በመጡ ቁጥር ያነሡብናል።